ከአልጋ ሥር ያለው አውራ ዶሮ

አቶ ገብረወልድ በዚያ ጠዋት አልነቁም። በከዚራ ሰፈር ሙቀቱ ሲበረታ ግቢው ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነበር የሚተኙት። አንሶላቸው በደም ርሷል፤ ቀኝ ባታቸው ላይ ሁለት ቦታ ተወግቷል።

«ዶሯቸው ነው» አለ የወንድማቸው ልጅ፣ ከረጢት ነጋዴው ጢሞቴዎስ። «ንጋት ላይ ስገባ እግራቸው ላይ ቆሟል። ያ ከተረከዙ በላይ ያለው ረጅም ጥፍሩ እስከ ጫፉ ደም ለብሷል። ሳባርረው በግንቡ ዘሎ ወደ ደቻቱ ወንዝ ወረደ።»

«ወላሂ ሰይጣን ነው ያ ዶሮ» አለ ጎረቤቱ ሞሐሙድ። «እኔንም ወግቶኛል አቦ።»

የጓሮ ቤቱ ተከራይ አስካለማርያም ወደ ቤቷ በር አፈገፈገች። ዶሮው ደቻቱ አልወረደም። ከትናንት ጀምሮ እሷ አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ነው። ልጇ ፋና ከተረከዙ በላይ ያደጉትን ሁለት ጥፍሮቹንና የተጣመመውን ምንቃሩን በፒንሳ ስትቆርጥለት አንደኛው ጥፍር ደማ። እርድ ነስንሳ፣ በጨርቅ አስራ፣ እስኪያገግም ይዛው ገባች። አቶ ገብረወልድ ደሙን ሲያዩ ጮኹባት።

ዶሮው ካልገደላቸው ማን ገደላቸው ይባላል? የተጮኸባት፣ ፒንሳዋ ደም የነካው ልጅ ናት። አስካለማርያም የፋናን እጆች ገና ካሁኑ በካቴና ታስረው ታዩዋት። ገብታ ሲጨልምበት አይጮህም ብላ ካርቶኑን በጋቢ ሸፈነችው።

«ትንፍሽ እንዳትዪ» አለቻት ፋናን።

ኢንስፔክተር ፊልሳን ከአንድ ፖሊስ ጋር መጥታ ቁስሉ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች።

«ሲወጉ እንዴት አልነቁም?»

«ስኳር እግራቸውን አደንዝዞታል» አለ ጢሞቴዎስ። «ደም የሚያቀጥን ኪኒንም ይወስዳሉ። ከደሙ አይቆምላቸውም። ሁላችንም እናውቃለን።»

«ትናንት ፋና ላይ ሲጮኹ ሰምቻለሁ» አለ ሞሐሙድ። «ለምን እንደሆነ እንጃ።»

ፊልሳን የፋናን ጣቶች አየች። «እጅሽን ምን ቢጫ አደረገው?»

«አልጫ ስትሠራ ነው» አለች እናቷ ፈጥና።

«ቤትሽ አልጫ አልጫ አይሸትም፣ የፋና እናት።»

አስካለማርያም የፋናን እጆች በነጠላዋ ሸፈነች። ፊልሳን ግን ሁሉንም ከዛፉ ሥር ሰብስባ ወደ ጢሞቴዎስ ዞረች።

«አየሁት ያልከው ደም የለበሰ ጥፍር ምን ያህል ነበር?»

ሌባ ጣቱን ቀሰረ። «ይህን ያህላል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ያን ጊዜ ከአስካለማርያም ቤት ጩኸት ተሰማ። ምንቃሩ የተቆረጠ ዶሮ ድምፅ ነው፤ የታፈነ፣ የተሰነጠቀ፣ ሽማግሌ የሚጣራ የሚመስል። ሞሐሙድ «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ወደ ሟቹ አልጋ አየ።

«አምጪው» አለች ፊልሳን።

አስካለማርያም ልጇን በገዛ እጇ የምታስረክብ እየመሰላት ካርቶኑን አወጣች። ፊልሳን ጨርቁን ፈታች። ከሁለቱም ጥፍሮች የቀረው እርድ የደረቀበት ጉቶ ብቻ ነበር።

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ» አለች ፋና። «ጋሼ ናቸው ቁረጪልኝ ያሉኝ። አንድ ቀን ወግቶ ይገድለኛል ብለው ፈርተው። ከትናንት ጀምሮ እኛው ዘንድ አልጋ ሥር ነው።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ፊልሳን። «ይህ ጉቶ ቆዳ አይበሳም፤ ዶሮውም ሌሊቱን ቤት ውስጥ ነበር። ስለዚህ ወጊው ሰው ነው። ፋና ብትሆን በዶሮው አታሳብብም፤ ጥፍሩን የቆረጠችው እሷ ናት። እናቷም ታውቃለች። ሞሐሙድ ዶሮውን አየሁት አላለም። የሌለውን ጥፍር በደም ተነክሮ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ጢሞቴዎስ ተጠጋች። «ከረጢት ነጋዴ ነህ። መስፊያ ወስፌህ የት አለ?»

የጢሞቴዎስ እጅ ሳያስበው ኪሱን ጨበጠ። ፖሊሱ ወስፌውን አወጣው፤ እጀታው ሥር ደም ደርቋል።

«ቤቱን እንሽጠው ስላቸው አይሰሙኝም» አለ። «ሳይሰማቸው ነው የሄዱት።»

ሲወስዱት ፊልሳን ወደ አስካለማርያም ዞረች። «ልጅሽን ነጻ የሚያወጣውን ነው ስትደብቂ የዋልሽው።»

 ሲመሽ ፋና ዶሮውን ለቀቀችው። እያነከሰ ሄዶ ባዶው አልጋ ላይ ወጣና ራስጌው ዘንድ ተቀመጠ። እናትየው ልታባርረው እጇን አነሳች፤ መልሳ አወረደችው። ገብታ በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉን ሁለቴ ሞከረችው፤ ከዚያ የፋናን እጆች ይዛ የጥፍሯ ሥር ያለው ቢጫ እስኪለቅ ድረስ አጠበቻቸው።