ሁዳ ያልተረጎመችው

«ምን አለ?» አለች ሀምዱ፣ ዓይኗን ከሐኪሙ አፍ ሳትነቅል።

ሁዳ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ በሶማሊኛም በዓረብኛም ተከራክራ ትረታለች፤ ፈረንሳይኛ ላይ ግን አንደበቷ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ናት።

«ለውፍረትሽ ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምና አለ ነው የሚለው። አንደኛው አብዛኛውን ጨጓራሽን ቆርጦ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ጨጓራሽን አሳንሶ ምግቡን በአቋራጭ ወደ አንጀት መላክ። ለስኳርሽ ሁለተኛው ይሻላል አለ። ግን ዕድሜ ልክሽን ቫይታሚን ትውጫለሽ።»

ሐኪሙ ቀጠለ። ስፌቱ ሊያፈስ እንደሚችል፣ ካፈሰ ሆዷ እንደገና እንደሚከፈት፣ አልፎ አልፎም ሰው እንደሚሞት፣ ሳትሠራው ብትቀርም ልቧ እንደሚያሰጋ ሳይደብቅ ተናገረ።

«አሁንስ?»

«ቀላል ነው፣ አትፍሪ አለ።»

ሐኪሙ አስበውበት እንዲፈርሙ የስምምነት ቅጽ ሰጣቸው፤ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ሀምዱ ትንፋሿ እስኪመለስ እንኳ አልጠበቀችም፤ ጎረቤቷ ሀጀራ ጋ ደወለች። «ጥርስ እንደማስነቀል ነው አሉ! ወላሂ ይቺ ልጅ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!»

ሁዳ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። የዋሸሁት እንዳትፈራ ብዬ ነው ብላ ራሷን ለማጽናናት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ባለፈው ወር በወላጆች ቀን እናቷ የትምህርት ቤቱን ደረጃ እያረፈች ስትወጣ አንዱ የክፍሏ ልጅ «የዶራሌ ወደብ ካሚዮን መጣ!» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ሁዳ እናቷን እንዳላየች ሆና ሽንት ቤት ገብታ ተደበቀች። እናቷ እንድትድን ትፈልጋለች፤ እውነት ነው። እናቷ እንድትቀጥንም ትፈልጋለች፤ ይሄም እውነት ነው። የትኛው ፍላጎት እንዳስዋሻት ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም።

ሀምዱ እስክሪብቶውን አንስታ ስሟን መጻፍ ጀመረች።

«እማ፣ ቆዪ!» ሁዳ ቅጹን በመዳፏ ሸፈነችው። «ሁሉን አልነገርኩሽም። ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል ብሏል። የሚሞትም ሰው አለ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። ሳትሠሪው ብትቀሪም ልብሽ ያሰጋል ብሏል።»

ሀምዱ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«ይሄን ሰምተሽ ነው ቀላል ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እንዳትፈሪ ብዬ» የሚለው መልስ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። እናቷ ታምናት ነበር፤ ምናልባትም ታቅፋት ነበር።

«ስላፈርኩብሽ» አለች ሁዳ። «ልጆቹ ሲስቁብሽ አፍሬብሽ ነበር።»

ሀምዱ ቅጹን ከልጇ መዳፍ ሥር ስባ ያዘች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ለብቻዋ ተነሳች። ሁዳ ልትደግፋት እጇን ብትዘረጋም አልያዘችውም።

«ግቢ» አለቻት። «እኔ እጠይቀዋለሁ። አንቺ እሱ ያለውን ብቻ ትነግሪኛለሽ።»

ሁዳ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና የሐኪሙን በር አንኳኳች።