«ተነጠቀ» የተባለው ሽማግሌ

ኢንስፔክተር ምንያህልን የሚያህል መርማሪ ከመተማ እስከ ሞያሌ አልተፈጠረም፤ የሚጠራጠር ካለ ራሱን ምንያህልን ይጠይቅ። የአቶ በኃይሉን ሬሳ በቤታቸውና በጎረቤት አጥር መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ባየ ጊዜም፣ ሌሎቹ ፖሊሶች ገና አንገታቸውን ሲያሰግጉ እሱ ነገሩን ጨርሶት ነበር። ሽማግሌው ባዶ እግራቸውን ናቸው። ስልካቸው የለም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወርቅነሽ ጎህ ሳይቀድ የሴት ጩኸት ሰምተዋል፤ «ተነጠቀ፣ ተነጠቀ» የሚል። በሩ ላይ ደግሞ ባጃጅ ቆማለች፤ ውስጧ ዩኑስ የሚባል ሹፌር ያንቀላፋል።

«ሌባው ራሱ በር ላይ ተቀምጦላችኋል» አለ ምንያህል። ሰፈሩ ሁሉ እያየ ዩኑስን በካቴና አስሮ ወሰደው።

በማግስቱ ፉሉን እየበላ ሳለ አንድ ሐሳብ ጉሮሮው ላይ ቆመ። የሰረቀ ሰው በር ላይ ይተኛል? ፉሉን ትቶ ተነሣ።

ወይዘሮ ወርቅነሽ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እስከ ዛሬ ሰውን ሁሉ የሚያዩት እንደ ተማሪ ነው።

«እትዬ፣ ከጩኸቱ በፊት የሰሙት ነገር ነበር?»

«ክላክስ። ረጅም። የሰርግ መኪና መስሎኝ፣ በዚህ ሰዓት ደግሞ ማን ያገባል አልኩ።»

«የባጃጅ ይሆን?»

«ባጃጅ እንደዚያ ቢጮህ ሀዋሳ ላይ የሚተኛ ሰው አይኖርም ነበር፣ ልጄ።»

ከሳቸው ቤት ወጥቶ የለቅሶውን ድንኳን አልፎ ወደ ሟች ሳሎን ገባ። የሟች ልጅ ታቢታ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሮቢ አለ፤ ለቤቱ ጸሎት ኦርጋን የሚጫወት፣ ሌላ ጊዜ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የሚሠራ ወጣት ነው። ኦርጋኑ ጥግ ላይ ቆሟል። ድምፅ ማጉያው ሞንታርቦ ግን ለሳሎኑ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አፉን ወደ ደረጃው አዙሯል። ደረጃው የሚወጣው ገና ወዳላለቀ ሰገነት ነው፤ መደገፊያ እንኳ አልተሠራለትም።

«የዚያን ዕለት ማን ማን ነበራችሁ?»

«አባዬ፣ እኔና ሮቢ» አለች ታቢታ። «ለንጥቀት እየተዘጋጀን ነበር።»

«ለምን?»

«ለንጥቀት። ጌታ ቅዱሳኑን በደመና ሲነጥቅ። አባዬ ቀኑ ደርሷል ብሎ ብቻውን ሰገነት ላይ ይጠብቅ ነበር።»

ምንያህል ያደገው ዲያቆን በሞላበት ቤት ነው። በዚያ ቤት ሄኖክና ኤልያስ «ተሰወሩ» ይባላል፤ የሚነጠቀው ስልክ ነው። ጆሮው እንደ ፍም ጋለ።

«የጮኽሽው አንቺ ነሽ» አላት ቀስ ብሎ።

ታቢታ ተነሥታ ከቁምሳጥን አንድ ጥቅል አመጣች። የአባቷ ጫማና ስልክ ነበሩ።

«መለከት ሰምቼ ሰገነቱ ላይ ሮጬ ስወጣ እነዚህ ብቻ ቀርተዋል። አባዬ ሄዷል፣ እኔ ቀርቻለሁ አልኩ። ታቢታ ቀረች መባሉን ለማን ልንገር? አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ተሸፋፈንኩ። ሬሳው ሲገኝ ደግሞ ባሰ። አባቴ ታች ወድቆ እኔ ሰማይ ሳይ ነበር ብዬ እንዴት ላውራ?»

ከሰዓት በኋላ ምንያህል ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰባቸው፤ ዩኑስንም ካቴናው እጁ ላይ እንዳለ አስመጣው።

«ወይዘሮ ወርቅነሽ ከአጥር ማዶ ሆነው ክላክስ ሰሙ። ታቢታ ከጓዳ ሆና መለከት ሰማች። ሮቢ፣ አንተስ ሳሎን ሆነህ?»

«ምንም አልሰማሁም።»

«አየህ፣ የመጨረሻው መለከት ሲነፋ የማይደነግጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ነፊው። ሞንታርቦ ደግሞ ወደ ጸሎተኛው ይዞራል እንጂ ወደ ደረጃ አይዞርም። ዩኑስ፣ ማንን ነበር የምትጠብቀው?»

«ሮቢን። ዕቃውን ሆቴል ላደርስለት። ወጣና ጠብቀኝ ብሎኝ በእግሩ ሄደ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ ራስዎ ለፍርድ ቤት ትናገራለህ አሉኛ።»

ምንያህል ይቺን ዋጣት፤ አንድ ሙሉ በግ ከነቀንዱ የዋጠ ያህል ነበር።

«ሮቢ፣ ታቢታ ወደ ላይ ያየችው መለከቱን ስላመነች ነው። አንተ ግን መለከቱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። ሽማግሌው እንዳላረጉ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። ወደ ታች ማየትም የነበረብህ አንተ ነህ።»

ሮቢ በሰገነቱ ጠርዝ ወደ ታች ተመለከተ።

«አየሁ» አለ። «ሆቴል ስለምጫወት፣ ሽማግሌው መለከት ሲነፋ አንተ ኦርጋንህ ላይ ትቀራለህ ይለኝ ነበር፤ በሰው ፊት። እስቲ በኦርጋኑ የመለከት ድምፅ ልንፋለት አልኩ። እንዲደነግጥ ብቻ ነበር። በጨለማ ወደ ድምፁ ይራመዳል ብዬ አላሰብኩም።»

«ይተነፍሱ ነበር?»

«እጁ ይንቀሳቀስ ነበር። ፈራሁ።»

ታቢታ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎተተች። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም ሽማግሌው ወዲያው አልሞቱም ብሎ ነበር፤ ምንያህል ግን ይህን መድገም አላስፈለገውም።

ካቴናው ከዩኑስ እጅ ወጥቶ ሮቢ እጅ ላይ ገባ።

«በል ወደ ቤትህ ሂድ» አለው ምንያህል ዩኑስን።

ዩኑስ ካለበት አልተነቃነቀም። «ሰፈሩ እያየ ነው የወሰዱኝ፣ ኢንስፔክተር። እናቴ ከትናንት ጀምሮ የሌባ እናት ናት።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እነሱ ታች ናቸው።»

ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ምንያህል መካከሉ ላይ ቆመ፤ ዩኑስ አጠገቡ። በሺህ ሰው ፊት ስለ ራሱ ሲተርክ ላብ የማያውቀው ግንባር አሁን ወረዛ።

«ዩኑስ ንጹሕ ነው» አለ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። «ተነጠቀ» ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ ልጁንም ሳልሰማው አሰርኩት።»

«ወደ ኋላ አልተሰማም» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ደገመው። ድምፁ ግን ከፊተኛው ረድፍ አላለፈም።

«አሁንም አልተሰማም፣ ጋሼ» አለው ዩኑስ ቀስ ብሎ፣ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

ምንያህል ኮፍያውን አወለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።