በግራ ጎን የተከፈተው ቀዳዳ

የሟቹ ሬሳ ከሐይቁ ወጥቶ ገና ሳይቀበር ጥፋተኛው ተገኝቶ ነበር፤ ራሱ ሟቹ። ሟች ይግባኝ አይልምና ለሁሉም ተመቸ። የመርማሪዋን ደም ያፈላው ይኸው ነው።

«ሕጉ ግልጽ ነው» አለ የውድድሩ ዳኛ፣ በጀልባ ክበቡ መጋዘን ውስጥ እየተንጎራደደ። «ሁለት የሸራ ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋስ በቀኙ የሚመጣለት ቅድሚያ አለው። ለሟቹ ከግራ ነበር የሚነፍሰው። ማሳለፍ ሲገባው አላሳለፈም።»

«በዓይንዎ አይተዋል?»

«ሸራው ጋርዶኝ ነበር።»

«ታዲያ ምኑን አይተው ፈረዱ!»

ሟቹን የገጨው፣ ሁሉም «ሻምፒዮን» የሚለው ሰው፣ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔ ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነበር። ከፊቴ ሊያቋርጥ ገባብኝ። አብራው ተሳፍራ የሸራውን ገመድ የያዘችው እህቱ ናት። ብትለቀው ኖሮ ጀልባው ይዞርለት ነበር።»

እህትየው ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። እናቷ ሬሳው ፊት «አንቺ ነሽ የገደልሽው!» ካሏት ወዲህ ቀና ብላ ሰው አላየችም።

«እህቴ፣ ገመዱን ለቀሽው ነበር?»

«ለቅቄዋለሁ! ወንድሜ ‹ከኋላው እንለፍ፣ ልቀቂው› አለኝ፤ ለቀቅኩት። ግን ማን ይመነኝ?»

መርማሪዋ የተሰበረውን ጀልባ ዞራ አየችው። ሟቹ መሪ ይዞ ከተቀመጠበት ቦታ አጠገብ ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ እናትየውንም አስጠርታ ሁሉንም ጀልባው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሻምፒዮን፣ በየት በኩል መጣህበት?»

«በቀኙ።»

«ቀጥ ብለህ? እሱም ከፊትህ ሲያቋርጥ?»

«ስንቴ ልንገርሽ!»

«እንግዲያው የተበሳው ቀኝ ጎኑ መሆን ነበረበት። ይኸው፣ ግራው ነው!» ጀልባውን በመዳፏ መታችው። «ሟቹ ወደ ቀኝ ዞሮ በኋላህ ሊያልፍ ነበር፣ ልክ እሷ እንዳለችው። ቀጥ ብለህ ብትሄድ የጀልባህ አፍንጫ ከሱ እየራቀ ይሄድ ነበር። ግራ ጎኑን ልትመታ የምትችለው መሪህን ወደሱ ካዞርክ ብቻ ነው።»

«ቅድሚያ ያለው ግን…» ብሎ ዳኛው ጀመረ።

«ቅድሚያ ያለውም ቢሆን ግጭትን እንዲያስቀር ሕጉ ያዛል። አንብበውት ያውቃሉ?»

«ላስደነግጠው ነበር እንጂ!» ሻምፒዮኑ ጮኸ። «ቢነካኝ ከውድድሩ ይባረር ነበር። ቅድሚያው የኔ ነው!»

«ቅድሚያ የተሰጠህ እንድታልፍ ነው፤ እንድትገድል አይደለም!»

እናትየው ወደ ልጃቸው እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ…»

«አትንኪኝ፣ እማዬ። የሱ ገዳይ ተገኝቷል። እኔን የገደልሽኝ ግን አንቺ ነሽ።»

አልፋቸው ወጣችና በሩን በኃይል ዘጋችው።