የተሰፋው ቅጠል

ይህ የምጽፍላችሁ ነገር በእውነት የደረሰ ነው። ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ... ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታ ነበር።

የደረቁ ዕፅዋት በሚጠበቁበት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ታላቅ እህቴ «የገለባ ዘበኛ» ትለኝ ነበር።

በዚያ ቀን ግን ዘበኛው አስፈለጋት። ከተራራው ሣር መካከል የነቀለችውን ሥር ለሆድ ሕመሟ አፍልታ ጠጥታ፣ ሆስፒታል ተኝታለች። ልጇ የተክሉን ግንድ በፌስታል ይዛልኝ መጣች።

አበባ አልነበረውም። በተራራ ሣር ላይ ከዓመት ዓመት ከሥራቸው የሚያቆጠቁጡ፣ እጅግ የሚመሳሰሉ ሁለት ተክሎች አሉ። ቅጠሎቹ ፊት ለፊት በጥንድ ከቆሙ መድኃኒት ነው።

አንዱ ከአንዱ ከፍ ብሎ ከወጣ... መርዝ ነው።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ስልክ ላይ ናቸው» አለች በሹክሹክታ።

ተመለከትሁ። ስድስት ጥንድ።

«መድኃኒቱ ነው» አልኋቸው።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

ደክሞኝ ነበር። እህቴ ከታመመች ወዲህ በቅጡ አልተኛሁም። እጄ ግን ልማዱን አልረሳም፤ ተክሉን በወፍራም ወረቀት ላይ አጋድሜ እያንዳንዱን ቅጠል ከአንጓው ላይ በነጭ ክር ሰፋሁት። መለያውን ልጽፍ ጎንበስ አልሁ።

ቀና ስል... የታችኛው ቅጠል ከጥንዱ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል።

ክሩ አልተበጠሰም። ባዶውን አቅፎ ቀርቷል።

ድካም ነው አልሁ። መነጽሬን ጠርጌ መለስሁት።

ሁለተኛው ጥንድ ተላቅቋል... ሦስተኛውም...

«ጋሼ... ምን ሆኑ?»

«ደውይ። መርዝ ነው በያቸው።»

«አሁን መድኃኒት ነው አላሉም እንዴ?»

«ደውይ ብዬሻለሁ!»

ሐኪሙ ለመርዙ አከሟት። ተረፈች። «ገለባህ አተረፈኝ፤ ከእንግዲህ አልሰድበውም» ብላ ሳቀችብኝ።

በማግሥቱ ወረቀቱን ሳወጣ ስድስቱም ጥንድ በየክራቸው ውስጥ ተመልሰው ነበር። ለማንም አልተናገርሁም። መሳቢያውን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ።

ሰባት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሰኞ ጡረታ ስወጣ፣ ዕቃ ለማስረከብ ብዬ መሳቢያውን ከፈትሁት።

የታችኛው ክር ባዶ ነበር።

ለእህቴ ደወልሁ። ብዙ ጠራ...

ያነሳችው ልጇ ነበረች። «ጋሼ... ማን ነገረዎት?» አለች እያለቀሰች።