አንድ ክንድ ያጠረ ተሳቢ

«ይቁሙ! ኮች፣ ይቁሙ! ኧረ ይቁሙ!»

ሚሊ እየጮኸች ሮጠች፤ ድምፅዋን ግን የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። አሠልጣኙ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዙ። መኪናው ወደ ትምህርት ቤቱ በር መዞር ጀመረ፤ ከኋላው የታሰረው አዲሱ ተሳቢም ተከተለ። ተሳቢው ላይ ከተደረደሩት ካያክ ከሚባሉት ስድስት ጠባብ የቀዘፋ ጀልባዎች በግራ ጠርዝ የተኛው ቀዩ፣ ሹል አፍንጫውን ወደ መኪናው የኋላ መስታወት አስጠጋ፣ አስጠጋ፣ ከዚያ ገባ።

መስታወቱ እንደ በረዶ ረገፈ።

ግቢው ጭር አለ። ከቀዘፋ ቡድኑ መካከል አንዱ ከኋላ ሆኖ «ጎል!» አለ፤ ሁለት ሦስቱ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። አሠልጣኙ ከመኪናው ቀስ ብለው ወረዱ። ቢጮኹ ይሻል ነበር። መኪናቸው ውስጥ አንገቱን ያስገባውን ካያክ እንዳልተጋበዘ እንግዳ አዩትና ዞር አሉ።

«ባለ ስዕሏ የታለች?»

«እዚህ ነኝ ኮች።»

ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ረጅም ብረት በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። «ይኼ ዘንግ ስንዞር ጀልባዎቹ መኪናውን እንዳይነኩ ተብሎ አይደለም እንዴ ርዝመቱ የተሰላው? ሰሌዳ ላይ ሥለሽ ያስረዳሽን አንቺው አይደለሽ?»

«ነው ኮች፣ ግን...»

«እንደ ስዕሉ ነው የተሠራው?» ይህን የጠየቁት ሚሊን ሳይሆን አጠገቧ የቆመውን፣ «ጠበቃው» የሚሉትን የቡድን ጓደኛዋን ነበር። ብረቱ ሲቆረጥም ሲበየድም ወርክሾፑ ውስጥ የነበረው እሱ ነው።

ጠበቃው መጀመሪያ የረገፈውን መስታወት፣ ቀጥሎ ሚሊን፣ ከዚያ የገዛ ጫማውን አየ።

«አዎ ኮች» አለ። «እንደ ስዕሉ ነው።»

አሠልጣኙ በረዥሙ ተነፈሱ። «ቅዳሜ ሐይቁ ላይ ውድድር አለብን። ምኑ ጋ እንደተሳሳታችሁ እስከ ዛሬ ማታ ካላስረዳችሁኝ፣ ተሳቢውንም ስዕሉንም ዋናው መንገድ ላይ ላለው ጋራዥ እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ እናንተ እጃችሁን ታነሣላችሁ።»

ሁሉም የሰማው «እናንተ» የሚለውን ነበር፤ ሁሉም ያየው ግን ሚሊን ብቻ ነው።

ሚሊ ማለት ሚሊሜትር ማለት ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ራሱ ጠበቃው ነበር፣ የእርሳሷን ርዝመት ስትለካ ያያት ቀን። እሷም በምላሹ ጠበቃው አለችው፤ የቤት ሥራ ያልሠራበትን ምክንያት አስተማሪው እስኪያዝንለት ድረስ ማስረዳት የሚችል ልጅ ስለሆነ። በቀዘፋው ሚሊ ከቡድኑ ሁሉ የመጨረሻዋ ናት። መቅዘፊያው እጇ ሲገባ ካያኳ እንደ ሰከረ ሰው ባለበት ይዞራል። ተሳቢው ግን የሷ ነበር። ጀልባዎቹን በትከሻ ተሸክሞ ሐይቅ መውረድ ሲሰለቻቸው ወረቀት ያወጣችው፣ የክብደቱን ሚዛን ያሰላችው፣ ካያኮቹ እንዳይፋቁ በአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ የተሸፈነ ማስቀመጫ ያሰበችው እሷ ናት። ተሳቢው ከእጇ ከወጣ በቡድኑ ውስጥ ምን ሠርታ እንደምትቆይ አታውቅም።

ቀኑን ሙሉ ስዕሉን ደብተሯ ሥር ደብቃ ደጋግማ አሰላች። የፊዚክስ አስተማሪው ሁለት ጊዜ ጠርተዋት አልሰማችም። ስሌቱ ልክ ነው። እንደገና ሠራችው፤ ልክ ነው። ልክ ከሆነ ለምን መስታወት ሰበረ? ወረቀቱን በጥርሷ መቅደድ አማራት።

ከትምህርት በኋላ ቡድኑ ባዶውን ተሳቢ በእጅ እየገፋ ወደ ወርክሾፑ መለሰው። ወርክሾፑ የሚሊ ቤት ጓሮ ነው። በያጁ አጎቷ፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ግማሹን ግቢ በብረት ሞልቶታል። እናቷ የታጠበ አንሶላ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ባየች ቁጥር «ወይ ብረቱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ!» ትላለች፤ እስካሁን ግን ሁለቱም አልወጡም።

ልጆቹ ሲበተኑ ጠበቃው አብሯቸው ሄደ። ቻው እንኳ አላላትም።

«ጋሼ፣ ዘንጉን ለክተኸዋል?» አለች ሚሊ።

አጎቷ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «እኔ? ልጁ ቆርጦ ሰጠኝ፣ በየድኩት። ልኬቱ የናንተ ነው።»

«ትንሽ አያጥርም?»

«እኔ በያጅ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ አይደለሁም። ያጠረ የረዘመ አላውቅም። ይልቅ ያን በር ዝጊልኝ፣ ነፋሱ እሳቱን እያወከብኝ ነው።»

ሚሊ የመሣሪያ ክፍሉን በር ለመዝጋት ስትሄድ በሩን ከፍቶ የያዘው ብረት እግሯን መታት። «ኡፍ!» ብላ ጎንበስ አለች። አጎቷ ቁራጭ ብረት አይጥልም፤ ወይ በርሜል ውስጥ ያቆመዋል፣ ወይ የበር ማስደገፊያ ያደርገዋል። ይኼኛው አንድ ክንድ የሚያህል አራት ማዕዘን ቱቦ ነበር። አንደኛው ጫፉ ላይ በጠመኔ የተሰመረ መስመር አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ወገቡ የተሰረዘ ሰባት ቁጥር። ሰባትን እንዲህ የምትጽፈው እሷ ብቻ ናት። ዘንጉ የት ጋ እንደሚቆረጥ ምልክት ያደረገችው ራሷ ነበረች፣ የትምህርት ቤት ፈተና ከመግባቷ በፊት በነበረው ቀን። ብረቱ የተቆረጠው ግን ምልክቱ ላይ አይደለም። አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው።

ሜትሯን አውጥታ ተሳቢው ላይ ያለውን ዘንግ ለካች። የጎደለው ርዝመት እጇ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። አልተሳሳትኩም! ቀጥሎ የመጣው ግን ጆሮዋን አጋላት። «እንደ ስዕሉ ነው» ያለው ያ ሁሉ ሰው እያየ ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትበላ እሱ ከእሷ ሁለት ወንበር ወደ ፊት ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ገመድ ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ላሳይ ነው። ትክክለኛው ርዝመት ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚመስል ፎቶ አንሥቼ ለኮች እልካለሁ።»

ቁራጩን ዘንጉ ጫፍ ላይ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። አሁን ተሳቢው ልክ እንደ ስዕሉ ሆነ። እንዲያውም ያምራል። ሙሉ በሙሉ እንዲታይ መንገድ ላይ ብናወጣው ይሻላል አለችና ከአጎቷ ጋር ወደ ግቢው በር ገፉት። ዘንጉ በሩን አለፈ። ጠባቡን መተላለፊያም አቋርጦ ሄደ፤ ከዚያ ከፊት ለፊት ያለው የጎረቤት ግንብ ላይ «ቋ!» አለና ቆመ።

ጎማዎቹ ገና ግቢው ውስጥ ነበሩ።

«ወደ ቀኝ አዙረው» አለች።

«የቱን ነው የማዞረው? በሩ ወገቡን ይዞታል!»

ወደ ኋላ ስበው እንደገና ገፉ። ቋ! አጋድመው ሞከሩ። ቋ! ከግንቡ ማዶ የጎረቤት ድምፅ «ምንድን ነው እሱ? ቤቱን ልታፈርሱብን ነው?» አለ። ሚሊ ላቧን በክንዷ ጠርጋ ግንቡን አየች። ተሳቢው እንደ ስዕሉ ቢሠራ ኖሮ ከዚህ ግቢ አይወጣም ነበር። ስድስቱንም ካያኮች፣ የመኪናውን ወገብ፣ የትምህርት ቤቱን መታጠፊያ ለክታለች። ተወልዳ ያደገችበትን በር ግን አልለካችም።

መሬቱን በእግሯ ደበደበች። ከዚያ ቀና ስትል ጠበቃው መተላለፊያው ጫፍ ላይ ቆሟል። ለስንተኛው «ቋ» እንደደረሰ አላወቀችም።

«አየሽው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል! አንተ ውሸታም!» ገመዱን ፈትታ ቁራጩን ብረት ወደሱ ቀሰረችው። «ይኼ ምንድን ነው? ‹እንደ ስዕሉ ነው› ነው ያልከው? ሰው ሁሉ ሙድ ሲይዝብኝ ቆመህ እያየህ?»

«መጀመሪያ ብረቱን አውርጂው፣ ልትገድዪኝ ነው እንዴ?»

«አታስቀኝ!»

«ያኔ ከመቁረጤ በፊት ሙሉውን ብረት ተሳቢው ላይ ደግፌ በበሩ ሞክሬው ነበር» አለ። «ግንቡን መታ። ወዲያው ደወልኩልሽ። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

ሚሊ አስታወሰች። ለፈተና እያጠናች ነበር። «ሚሊ፣ ይኼ በር...» ሲል «ስዕሉ ላይ ያለውን ቁረጥ፣ ማሰቡን ለኔ ተወው» ብላ ጆሮው ላይ ዘግታበታለች።

«ተናድጄ ነበር» አለ ጠበቃው። «ደሞ ተሳቢው ከሚቀር ብዬ በበሩ የሚያወጣውን ያህል ቆረጥኩት። ሲቀባ መጥተሽ አየሽው እኮ። ‹እንዴት ያምራል!› ነው ያልሽው።»

«ስላመንኩህ ነዋ ያልለካሁት!»

ጠበቃው ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ክሩን ማሰር ጀመረ።

«ዛሬ ጠዋትስ?» አለች። «እሺ ቆረጥክ። ለምን ዋሸህ?»

«ምን ልበል? መስታወቱ መሬት ላይ ነው፣ ኮች ዓይኔን እያዩኝ ነው፣ አፌ ቀደመኝ።»

«አፍህማ ሁሌም ይቀድምሃል።»

«አቦ አታካብጂ! ያንቺ ከበር አይወጣም፣ የኔ መኪና ይሰብራል። ታዲያ ምን ይሁን? በር ላይ ሲደርስ እጥር፣ መንገድ ላይ ሲወጣ እርዝም እያለ ይሂድ?»

ሚሊ ሌላ ስድብ አዘጋጅታ ነበር። አፏ ላይ ቀረ። እጇ ላይ ያለውን ቁራጭ አየች፣ ቀጥሎ የዘንጉን ጫፍ። ጠበቃውም ራሱ ያለውን ነገር ዘግይቶ የሰማ ይመስል ቅንድቡን አነሣ።

«ጋሼ» አለች ዓይኗን ከብረቱ ሳትነቅል፣ «በርሜሉ ውስጥ ይኼ ቱቦ ልክክ ብሎ የሚገባበት ወፍራም ቱቦ ይኖራል?»

«ብረት ሳጣ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ዘንጉንም ቁራጩንም አቅፎ ቢይዝ፣ ከዚያ በብሎን ቢታሰር...»

«ከበር ከወጣ በኋላ» አለ ጠበቃው።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችው። ሐሳቡ ጥሩ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

አጎቷ ወደ በርሜሉ ሲያመራ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አየት አደረገና ለሚሊ አቀበላት። «የናንተው አሠልጣኝ ናቸው። እኔ ስለ መስታወት አላወራም።»

ሚሊ ተቀበለች። ጠበቃው አንገቱን ሰበረ።

«ሄሎ ኮች።»

«እህ፣ ምን ደረሳችሁበት?»

በአንድ እጇ ስልኩ፣ በሌላው ብረቱ ነበር። ሰባቷ ቁልጭ ብላ ትታያለች። አንድ ፎቶ ብትልክላቸው ይበቃል፤ ነገ ጠዋት ማንም እሷን አያይም።

«ሁለት ስህተት ነው ያለው ኮች» አለች። «አንደኛው የኔ ነው። ዘንጉን ስሥል የኛን ግቢ በር አልለካሁም። በስዕሌ ቢሠራ ከግቢ አይወጣም ነበር።»

«ከግቢ አይወጣም? ታዲያ እንዴት ወጣ?» መልሷን ሳይጠብቁ ቀጠሉ። «ሁለተኛውስ?»

ጠበቃው ቀና አለ። እጇ ላይ ያለውን ብረት አየ።

ሚሊ ቁራጩን ብረት ተሳቢው ላይ አስቀመጠችው፤ ምልክቱ ወደ ታች ዞረ። «የሁለተኛውን ባለቤት ላቅርብልዎት» አለችና ስልኩን ዘረጋችለት። ጠበቃው ገና ከእሳት የወጣ ብረት የተሰጠው ይመስል አየው። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና ተቀበለ።

ምን እንደሚል ለመስማት አልቆመችም። ሜትሯን ከኪሷ አውጥታ ወደ በሩ ሄደች።