የሹክሪ ሰማያዊ ፔጆ

ሻለቃ ዋጊህ ሹብራ ሰፈር ውስጥ ካለችው ጠባብ መንገድ ሲደርስ ሬሳው ተነስቷል። ግድግዳው ላይ የቀረውን ደም ዝንብ ወርሮታል፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ ግማሹ ሰፈር ተኮልኩሎ ሱፍ እየፈለፈለ ይበላል። ሻለቃውን አንገፈገፈው። የሰው ሞት እንደ ሠርግ የሚታይበት ዘመን!

ሟቹ ሹክሪ የብረት በር የሚሠራ ጠንካራ ጎልማሳ ነበር። የሟች አባቱ ሰማያዊ ፔጆ ከሠላሳ ዓመት በፊት ተሰረቀች ተብሎ ጠፍታ ነበርና ዕድሜውን የፈጀው እሷን ሲፈልግ ነው። በመጨረሻ አግኝቶ ገዛት፤ ትናንት ማታ ጥሩምባ እየነፋ ይዟት መጣ። ዛሬ ንጋት ላይ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ሲወለውላት ተንከባላ ከግድግዳው ጋር አጣበቀችው።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ጌታዬ» አለ አሥር አለቃው። «የመኪና ጠባቂው በዳዊ ሳያየው ገፍቷት ነው። እዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ መኪናውን ከማርሽ አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬን ሳይዝ ነው የሚያቆመው። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ከኋላ እየገፋ ያስተላልፋቸዋል።»

በዳዊ ከመስኮት ብረት ጋር በካቴና ታስሯል። አንዱ ጀግና ተፍቶበት ምራቁ ጺሙ ላይ ደርቋል። ሻለቃው መሐረቡን አውጥቶ ጠረገለት።

«ወላሂ ዛሬ አንድም መኪና አልነካሁም! በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት ከገባሁ በሕይወት አልወጣም፣ ልጄ።»

«አጎት በዳዊ፣ ይህችን ፔጆ ለመግፋት ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«ስንት? እኔ በአንድ ትከሻዬ!»

ሻለቃው ሬሳውን ወደ መረመረው ሐኪም ዞረ።

«ወዲያው አልሞተም» አለ ሐኪሙ። «የመዳፎቹ ቆዳ ተልጧል። መኪናዋን ከደረቱ ላይ ለማራቅ ሲታገል ቆይቷል።»

«ሽማግሌ በትከሻው የሚገፋትን መኪና፣ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው በሁለት እጁ አቃተው?»

«እኛንም አቅታን ነበር እኮ!» አለ አሥር አለቃው። «ለአራት ብንገፋት ንቅንቅ አልልም አለች። ድንጋይ ይዟት ነው ስንል ወንድምየው ራምዚ ከሰገነት ጮኸ። ‹የእጅ ፍሬኑን ልቀቁት! ከመሪው ሥር ነው!› አለን። ስንለቀው ሄደችልን።»

ሻለቃው መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ፍሬኑን በወንበሮቹ መካከል ዳበሰ፤ የለም። ከመሪው ሥር ጎንበስ ሲል የጃንጥላ እጀታ የመሰለ ፍሬን እጁ ገባ። ከዚያ ወጥቶ ደረጃውን ወጣ።

ከኩዌት ለእረፍት የመጣው ታናሽ ወንድም ራምዚ የርግብ ጥብስ እየጋጠ ነበር። ቅባቱ አገጩ ላይ ይወርዳል።

«ያቺን መኪና ቀርበሃታል?»

«እኔ? ኧረ ወዲያ! ከዚሁ ከሰገነት ነው ያየኋት። ደግሞስ የኛ መሰለችህ? ነፍሱን ይማረውና ሹክሪ ያየውን ቆርቆሮ ሁሉ የኛ ናት ይል ነበር። ጌታዬ፣ አንዲት ርግብ ቅመስልኝ እንጂ!»

ሻለቃው ሳህኑን ገፋ አድርጎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በእናትየው ክፍል ሰበሰባቸው። ሐጃ ኢንሺራህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ራምዚ ከጎኗ ነው። በዳዊ ከነካቴናው፣ መኪናዋን ለሹክሪ የሸጠው ባለ ጋራዥ ዘኪ ደግሞ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«ሹክሪ መኪናዋን ያልገፋት ፍሬኗ ስለተያዘ ነው» አለ ሻለቃው። «ግን ፍሬኗ አስቀድሞ ተይዞ ቢሆን ተንከባላ አትገድለውም ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ገፋት፤ ከግድግዳው ካጣበቀችው በኋላ እጁን ሰድዶ ፍሬኑን ያዘ። በዳዊ ከኋላ ነው የሚገፋው፤ ደግሞ እኔ እንኳ ያ ፍሬን የት እንዳለ ጠፍቶኝ ነበር። ራምዚ፣ አንተ ግን ከሰገነት ነገርካቸው።»

«እና ምን ይጠበስ? በልጅነቴ ስንቴ ተሳፍሬባታለሁ! ፔጆ ሁሉ አንድ ነው!»

«የት እንዳለማ ታውቃለህ። መያዙን ማን ነገረህ? ማንም ፍሬን በማይዝበት ሰፈር፣ አራት ሰው ድንጋይ ነው ሲል?»

ራምዚ ወደ እናቱ ዞረ።

«እናትህ ሰገነቱ ላይ ከጎንህ ሆና ‹ልጄን አውጡልኝ› ስትል መታገስ አቃተህ። ቃሉ አመለጠህ» አለ ሻለቃው። «ዘኪ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት መኪናዋን ማን ሸጠልህ?»

ዘኪ ጣቱን ወደ ራምዚ ቀሰረ። «ይኸው! ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር። ‹አባቴ ልኮኝ ነው› አለኝ። ይህንኑ ትናንት ለሹክሪ ነገርኩት።»

«ተሰረቀች ብለህ የማልክባት ሌሊት» አለች እናቱ ቀስ ብላ። «አባታችሁ ልቡን ሲያመው፣ መኪና አጥተን በአትክልት ጋሪ ስንገፋው መንገድ ላይ የሞተባት ሌሊት።»

«ልጅ ነበርኩ! ለኩዌት ጉዞዬ ብዬ ነው እንጂ እንደሚታመም በምን አውቃለሁ?» ራምዚ ጮኸ። «ሹክሪ ዛሬ ከቁርስ በኋላ ለእማማ እነግራታለሁ አለኝ! ለምኜዋለሁ! ፍሬኑንም... መኪናዋ እንዳትመለስ ብዬ...»

«እንዳይተነፍስ ብለህ» አለው ሻለቃው። «ተነስቶ እንዳይናገር። ከዚያ ደረጃውን ወጥተህ ይህን ሽማግሌ ስናስርልህ እያየህ ርግብህን በላህ። ትዘገንነኛለህ።»

ካቴናውን ከበዳዊ እጅ ራሱ ፈታ፤ ራምዚ እጅ ላይ አጠለቀው። በዳዊ የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ አቀርቅሮ ቀረ።

ራምዚ ተንበርክኮ የእናቱን እጅ ሊስም ጎተተ። «እማዬ፣ አንድ ነገር በይኝ!»

ሐጃ ኢንሺራህ እጇን ነጥቃ በጥቁር ልብሷ ውስጥ ሸሸገችው።

«ያንን የመኪና ሌባ በየንጋቱ ጸሎት ስረግመው ኖርኩ» አለች። «‹እናቱ የልጇን ሬሳ ትይ› እያልኩ።»