የዳይሬክተሩ መግቢያ ካርድ

የሻኪል ሞርሼድ ሬሳ የተገኘው ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ የባንኩ ኮምፒውተሮች በተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ነው። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቆ አየሩን ጨርሶታል፤ በሩም ከውጭ በወንበር ተደግፏል። የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኾ ነበር። ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ለሙከራ ስለሚጮኽ ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም።

መርማሪ ሬህኑማ ሳርካር በዳካ መንገድ ላይ በመኪና መጨናነቅ አንድ ሰዓት ተገትራ ስትደርስ፣ ቢሮው ገዳዩን አግኝቶ ጨርሶ ጠበቃት።

«ዳይሬክተሩ ናቸው፣ እህቴ» አላት የጥበቃ ኃላፊው ወረቀት ዘርግቶ። ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «የበሩ መዝገብ አይዋሽም። ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ሻኪል በራሱ ካርድ ገባ። ከአሥራ አራት ላይ የዳይሬክተሩ ካርድ በሩን ከፈተ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጋዙ ተለቀቀ።»

ሟቹ የባንኩ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ አስኪያጅ ነበር። የአርባ ዓመት ፋይል ከአሮጌው ሥርዓት ወደ አዲሱ የማሻገሩን ሥራ ይመራል። ምስጋና ቢስ ሥራ ነው፤ ሲሳካ ዳይሬክተሩ ይሸለማል፣ ሲከሽፍ ሥራ አስኪያጁ ይባረራል። በየወሩ ለዋናው መሥሪያ ቤት በሚላከው ሪፖርት ላይ ሥራው ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ከታመመ ቀይ ምልክት ይደረጋል። ሻኪል ያን ዕለት አምስት ሰዓት ላይ ቀይ ሊያደርግ ነበር።

«ለምን ቀይ?» ብላ ሬህኑማ ምክትሉን ሙኒራን ጠየቀቻት።

«አሥራ አንድ ሺህ ፋይል ጠፍቷላ! ዳይሬክተሩ ሰባት ወር ሙሉ አረንጓዴ አስደርገውናል። ትናንትማ ‹ቀይ ካደረግህ እዚህ ቢሮ ወይ አንተ ወይ እኔ› ብለው ጮኹበት። ያልሰማ የለም።»

«ገደሉት ነው የምትይኝ?»

ሙኒራ ዓይኗን አልሰበረችም። «መዝገቡ ነው የሚለው። እኔ ምን ቤት ነኝ?»

ዳይሬክተር ኢምዳዱል ሐቅ መርማሪዋን ቁጭ በይ እንኳ አላላትም።

«ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ የት ነበሩ?»

«ለአንዲት ፖሊስ የውሎዬን ዝርዝር አልሰጥም። ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ የት እንደሚያድሩ ግን አውቃለሁ።»

ሰውየው ነገሩ ገባው። «መታጠቢያ ቤት» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ዛይን ሰነድ ሊያስፈርመኝ መጥቶ፣ እዚሁ ትቼው ወጣሁ። ማንም አላየኝም። በቃሽ?»

«ካርድዎስ?»

«መሳቢያ ውስጥ ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሬህኑማ መሳቢያውን ከፈተች። ካርዱ አለ። ሲሠራ የተለጠፈበት ስስ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ካርዱን እያገላበጠች ብዙ ቆየች።

ዛይን ቾውዱሪ አዲሱን ሥርዓት የሸጠው ኩባንያ ተወካይ ነው። ከለንደን ከመጣ ስድስት ሳምንቱ ሲሆን ቢሮው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«ፈርመውልኝ ወጡ። እኔም ሊፍት ስጠብቅ በዓይኔ አየኋቸው» አለ፣ ያዘነ መስሎ። «ወደዚያ ክፍል ገቡ።»

«እንዴት ገቡ?»

«ሁልጊዜ እንደሚገቡት ነዋ! ካርዳቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ አስነኩ፣ ገቡ።»

መጨረሻ ላይ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ወደሚውለው ሽማግሌ ተላላኪ፣ ወደ ጋፉር ሚያ ሄደች።

«ያን ሰዓት የት ነበርክ፣ አጎቴ?»

«ሻይ ላመጣ ወርጄ ነበር።»

«እዚህ በር ላይ ሥራህ ምንድን ነው?»

«እከፍታለሁ።»

«ለማን?»

ሽማግሌው ወለሉን አየ። «ለሰር።»

ከስድስት ሰዓት በፊት ሰዎቹን ሁሉ በኮምፒውተሮቹ ክፍል በር ላይ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች ካቴና ይዘው ቆመዋል፤ የሰባተኛ ፎቅ ሠራተኛ በሙሉ ሊያይ ወጥቷል። እውነቱን ለመናገር ሬህኑማም ሰውየውን ከልቧ ጠልታዋለች። ቢሆንም አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ማየት አትወድም።

ካርዱን ለዳይሬክተሩ ሰጠችው። «ይክፈቱት።»

ኢምዳዱል ሐቅ ካርዱን እጀታው ላይ ለጠፈ። አልሆነም። መስታወቱ ላይ አሸው። ከዚያ ከበሩ አናት እስከ ወለሉ ድረስ ፈለገ። የካርድ ማንበቢያው በግራው ግድግዳ ላይ፣ ከክርኑ አንድ ስንዝር ርቆ ተሰቅሏል። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ትወና ነው!» አለ ዛይን።

«ይሁንልህ። ይህንንም እሳቸው ተወኑት በለኛ» አለችና የመዝገቡን ወረቀት ዘረጋች። «እናንተ የዛሬውን ብቻ አሳያችሁኝ። እኔ የሦስት ዓመቱን አስወጣሁ። ይህ ካርድ በሦስት ዓመት ውስጥ በር የከፈተው አንዴ ብቻ ነው፤ ዛሬ። ሙኒራ፣ ጋፉር ሚያ በማይኖርበት ጊዜ ዳይሬክተሩ እንዴት ነው የሚገቡት?»

«ይቆማሉ። ሰው መጥቶ እስኪከፍትላቸው።»

«አያችሁ? ይህን ፎቅ የሚያውቅ ሰው ወንጀሉን በእሳቸው ላይ ማላከክ ቢፈልግ፣ ካርዳቸውን አይነካም። ገዳዩ፣ አለቃም በሩን በገዛ እጁ ይከፍታል ብሎ የሚያምን፣ ሌላ አገር ያደገ ሰው ነው።» ወደ ዛይን ዞረች። «እሳቸው መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ካርዱ ካለበት ክፍል ብቻህን ቀረህ። በሩን ከፈትክ፣ ጋዙን ለቀቅክ፣ በሩን በወንበር ደግፈህ ካርዱን መለስክ። ይህን ሁሉ ማስረዳት ይከብደኝ ነበር። አንተ ግን ‹ሁልጊዜ እንደሚገቡት› አልከኝ። ማንም አይቶት የማያውቀውን ነገር አየሁ አልክ።»

«ምን አደርግ ነበር?» ዛይን ጮኸ። «ፋይሎቹ በሙሉ ተሻግረዋል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ! ቀይ ካደረገው አለቀልኝ! ለመንኩት እኮ፣ አንድ ወር ብቻ ስጠኝ አልኩት!»

ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ አንድም ሰው ደስ ያለው አይመስልም ነበር። የፈለጉት ሌላ ሰው ነበራ።

ዳይሬክተሩ ክራቫቱን አስተካከለ። ምስጋና የሚባል ነገር አልወጣውም። «ሰው ፊት ስላዋረድሽኝ ለአለቃሽ እጽፋለሁ» አላት።

«ይጻፉ። ግን መጀመሪያ እነዚህን ይቁጠሩ» አለች ሬህኑማ በእጇ ወደ ሠራተኞቹ እያመለከተች። «ሃያ ሰባት ናቸው። እርስዎ ካርድ ነክተው እንደማያውቁ ሁሉም ያውቃሉ። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰው አልነገረኝም።»

ኢምዳዱል ሐቅ ዞሮ አያቸው። አንዱም አላቀረቀረም። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ከሁሉ የሚቀርበው ሽማግሌው ነበር።

«ጋፉር፣ አንተም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ሰር።»

«ሊሰቅሉኝ ነበር እኮ! ለምን አልተናገርክም?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ሳትጠየቅ እንዳትናገር› ሲሉኝ ኖሩ፣ ሰር» አለ ጋፉር ሚያ በትሕትና። «አልተጠየቅሁም።»